ሬዲዮው ጎንደር፣ ማዞሪያው አይከል

ጎንደር፣ ጥቅምት 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአሥር አለቃ አለበል ምንዳዬ፣ አይከል።

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ አባይነሽ፣ ልጆቹ፣ ከብቶቹ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ካንተ ናፍቆትና ከመብራት መጥፋት በስተቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ ዝናሽም ሰላም ብላሃለች።

በመጀመሪያ ስልክህን ስላላነሳሁ ይቅርታ። ደጋግመህ መደወልህን ዝናሽ አይታ ነግራኛለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሬዲዮ ሰው ነበርኩ፤ ስልክ አላምንም። በስልክ የተነገረ ነገር ማን ጆሮ እንደሚገባ አይታወቅም። ደብዳቤ ግን በአስማረ ሚኒባስ ጎንደር ተሳፍሮ አይከል ይወርዳል፤ አስማረ ደግሞ ወሬ ይወዳል እንጂ የሰው ደብዳቤ አይከፍትም።

በደብዳቤህ ወሬው እውነት ነው ወይ ብለህ ለጠየቅከኝ፣ አዎ፣ እውነት ነው። በጦርነቱ ይዘነው የዞርነው የኛው ሬዲዮ ነው። እዚህ ፒያሳ አካባቢ የተቋቋመ አንድ የቅርስ ወዳጆች ማኅበር ከብረታ ብረት ነጋዴ ገዝቶት ገብቼ አየሁት። የጫነችው በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ ስትጥለው ግራ ጎኑ የተሰረጎደው እንዳለ ነው። በእጄ ዳሰስኩት፤ አልዋሽህም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የማኅበሩ ኃላፊ እስከዳር የምትባል ወጣት ናት። «አባባ፣ ያውቁታል?» ብላ ጠየቀችኝ። እሱ ነው እኔን የሚያውቀኝ አልኳት።

እንግዲህ ጥር 9 ቀን፣ የጥምቀት እንግዳ ከተማውን ከመሙላቱ በፊት ኤግዚቢሽን ይከፈታል። እስከዳር ሬዲዮው በሕዝብ ፊት እንዲሠራ ትፈልጋለች። መላኪያው ክፍል ወልቋል፣ ለመላክም ፈቃድ የለንም፤ መቀበያው ግን ጤነኛ ነው። እኔ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከዓለም ዙሪያ የሚመጣውን እቀበላለሁ። ካልሠራ ግን እሱ መደርደሪያ ላይ፣ እኔ ቤቴ ቁጭ እንላለን።

የቀረን ኃይል ነው። ይህ ሬዲዮ እንደምታውቀው ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ ይበላል፤ አምፖል መሳይ ቫልቮቹን ለማሞቅ ትንሽ ቮልት፣ ድምፁን ለማውጣት ትልቅ ቮልት። ከየት እንደማመጣለት እያሰብኩ ነው። የእጅ ጄኔሬተሬን ይዤ ልምጣ ወይ ላልከው እግዜር ይስጥልኝ፤ አያስፈልግም። ዘመኑ ሠልጥኗል፤ አንተም በሽምግልናህ ልትለፋ አይገባም።

ተቀበል።

ሃምሳ አለቃ ታከለ ህሩይ
የሬዲዮ ኦፕሬተር


አይከል፣ ጥቅምት 15 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ታከለ፣ ጎንደር።

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ሸጋ ነን። ስለ ከብቶቹ መጠየቅህን ነግሬያቸዋለሁ። ጽሕፈቴ ቢበላሽብህ በእስክሪብቶው ፍረድ።

ቀጥለህ በላክኸው ብጣሽ ወረቀት «ለመሆኑ ጄኔሬተሩ አሁንም አለ?» ማለትህ ገርሞኛል። አያስፈልግም ያልኸውን ዕቃ ጤናውን ምነው ትጠይቃለህ? አለ። ከቆራሌው እጅ አስጥዬ ከገዛሁት ጀምሮ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፤ እኔም ለአዟሪው በተሠራለት ኮርቻ ላይ ተቀምጬ እራቴን እበላለሁ። አባይነሽ «ወንበር ሞልቶለት በብረት ፈረስ ላይ የሚበላ ሰው አግብቼ» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ሁለቱም መያዣዎቹ ደህና ናቸው፣ ቅባቱንም አላጓድልበትም።

አያ ታከለ፣ የዚያን ሬዲዮ ጠባይ አንተ በጆሮህ ታውቀዋለህ፣ እኔ ደግሞ በክንዴ። ከሌላ ሰው እጅ በልቶ አያውቅም። ለባዕድ ኃይል አትስጠው፣ ይከፋዋል።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ያን ሁሉ ዓመት ከተራራ ተራራ ስንዞር እኔ አዞርሁ፣ አንተ ሰማህ። ላቤ ጠብ እያለ «አያ ታከለ፣ ምን አለ?» ስልህ እጅህን ወደ ኋላ ታወናጭፍና «ምስጢር ነው» ትለኝ ነበር። እሺ፣ ያኔ ጦርነት ነበር። አሁን ግን ሁለታችንም ጡረተኞች ነን። ያን ማዳመጫ አንድ ቀን እንኳ ጆሮዬ ላይ ሳላደርግ መሞት አልፈልግም። ያንን ለጥር 9 ፍቀድልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

አለበል


ጎንደር፣ ኅዳር 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ወንድሜ አለበል፣

ካንተ ናፍቆትና ከትራንስፎርመር ሽታ በስተቀር ደህና ነኝ።

የእስከዳር መጋረጃ እንዴት ሆነ ብለህ ለጠየቅከኝ፣ ከግማሽ በላይ ተርፏል። አስማረ ይህን ወሬ ከየት እንዳገኘው አላውቅም። እሳት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጭስ ነው የነበረው፣ እሱም በመስኮት ወጥቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከግድግዳው መብራት ላገናኘው ብዬ አንድ አሮጌ ትራንስፎርመር ገዛሁ። ለካ ለ110 ቮልት የተሠራ ኖሯል፤ የኛ ግድግዳ ደግሞ 220 ነው። የተጻፈበትን በመነጽር አንብቤው ነበር፤ መነጽሩ ግን የዝናሽ ነበር። ዕድሜ ለፊውዙ፣ ሬዲዮው አልተነካም።

ከዚያ ወደ ባትሪ ድንጋይ ዞርኩ። ንጹሕ፣ ጭምት፣ ለሬዲዮ የተፈጠረ ኃይል ነው። ከፒያሳ ሱቆች ያገኘሁትን ድንጋይ ሁሉ ለቅሜ ቤቴ ወስጄ ሳንቃ ላይ ጫፍ ለጫፍ ደረደርኩት። ጫፉን ስነካው ጣቴን እንደ ጊንጥ ነደፈኝ፤ መሥራቱን በዚያ አወቅኩ። ዳሩ ግን የዚያኑ ዕለት የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ዝናሽ ለአንዲት ጎረቤት ለእጅ ባትሪዋ ሁለት ድንጋይ አበደረች። ያቺ ለሌላዋ ነገረች። እኔ ከሰንበቴ ስመለስ የቀረልኝ ሳንቃው ነው። መልሱ ልበል? በጨለማ የተቀመጠን ጎረቤት እንዴት አድርጌ?

ስለ ማዳመጫው የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ወረቀቱ ስላለቀ በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። እባክህ እስክሪብቶህን ቀይር፤ ጽሕፈትህ ዶሮ የጫረው መስሏል።

ታከለ


አይከል፣ ኅዳር 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

አያ ታከለ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ወረቀቱ አለቀ ብለህ ግማሹን ባዶ ልከህልኛል። እኔም መልሱን በዚያው በባዶው ላይ ጻፍሁልህ፤ ሲደርስህ የራስህን ደብዳቤ አብረህ አንብበውና እፈር።

ሶላርስ እንዴት ነው ላልኸኝ፣ ጎረቤታችን ሐመልማል አላት። ፀሐይ ሲኖር ይሠራል፣ ደመና ሲሆን እሷም እሱም ያኮርፋሉ። ጥር 9 ቀን ሰማዩ ምን እንደሚያስብ ካወቅህ ግዛ።

ክንድህ እንዴት ነው ላልኸው፣ ክንዴ እንደ ድሮው ነው። እንዲያውም ትናንት እንጨት ሲፈለጥ ነው የዋለው። ጄኔሬተሩን ይዤ ልምጣና እንደ ጥንታችን ቁጭ እንበል። የእጅ ኃይል መብራት አይጠፋበት፣ ደመና አይጋርደው፣ ጎረቤት አይበደረው። ስትጨርስ ማዳመጫውን ለአንድ አፍታ ታቀብለኛለህ፤ ቃልህን እየጠበቅሁ ነው።

አለበል


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2012 ዓ.ም.

ወንድሜ አለበል፣

ደስ ይበልህ፤ መፍትሔ ተገኘ። የመኪና ባትሪና ኢንቨርተር ነው። ባትሪውን ከአንድ ባለጋራዥ ተዋስኩ፣ የባትሪውን ኃይል የሚያሳድገውን ኢንቨርተር ፒያሳ ከአንድ ሱቅ አዲሱን ገዛሁ። ሻጩ ጮክ ብሎ «አባባ፣ ርካሽ ስለሆነ ትንሽ ድምፅ አለው» አለኝ። ልጅ ምን ያውቃል? ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰኞን ሙሉ ፈተሽኩት። ምን ልበልህ፣ አንዳች ጩኸት፣ አንዳች ጉርምርምታ የለውም። የገዳም ጸጥታ ነው። የመቀበያው መርፌ ደግሞ ይጨፍራል፤ እንዲህ ያለ ኃይለኛ መርፌ ከተወለድኩ አላየሁም። የቀረኝ ጣቢያ መያዝ ብቻ ነው፤ እሱም አንቴናው ሲስተካከል ይመጣል።

እዚህ ግን የሰው ጠባይ ተለውጧል። እስከዳር ሰሞኑን ራሷን ያማታል፣ ክፍሉ ውስጥ ፈጽሞ አትቀመጥም። ከታች ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ ያ የተከበረ ሰው፣ መቀሱን እንደያዘ በሩን በርግዶ ገባና አፉን ከፍቶ ከፍቶ ሄደ። ምን እንዳናደደው አልገባኝም። የግቢው ውሻም ቤቱን ለቋል። መቼም የጥምቀት ሰሞን ሲደርስ ሰው ሁሉ ይጨናነቃል።

ስለዚህ ጄኔሬተሩ አያስፈልግምና ባለበት እራትህን ብላበት። ማዳመጫውን በተመለከተ አዝናለሁ። ማዳመጫው የኦፕሬተር ነው፤ ይህ የኔ ደንብ አይደለም፣ የሠራዊት ደንብ ነው። አንተ በክብር እንግድነት ትመጣለህ፤ የፊት ወንበር ይዤልሃለሁ።

ተቀበል።

ታከለ


አይከል፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

አያ ታከለ፣

ይህን ደብዳቤ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

የመጨረሻውን ደብዳቤህን የሰጠኝ አስማረ ነው። ሲሰጠኝ ጆሮውን በጥጥ ወትፏል። ምነው አልሁት። «አያ ታከለ ወፍጮ ተከሉ እንዴ?» አለኝ። «ደብዳቤውን ልቀበል ስሄድ ጩኸቱ ከመንገድ ነው የተቀበለኝ። ማዳመጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንዲያ የጮኸ፣ ጆሮ ላይ ቢሆን ምን ሊሆን ነው? እሳቸው ከአጠገቡ ሸጋ አድርገው ሻይ ይጠጣሉ።»

እሱ ሲሄድ ደብዳቤህን ከፈትሁና «የገዳም ጸጥታ» የሚለውን አነበብሁ። ሳቅሁ። ደግሜ ሳነበው ግን ሳቁ ጠፋ። ስልኩን ለምን እንደማታነሳውም ያኔ ገባኝ።

ከመቼ ጀምሮ ነው? አልቆጣህም፣ የሚያስቆጣም የለው። ያ ጆሮ በምን እንደተጎዳ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ ተራ ገብተን ስናርፍ አንተ ማዳመጫውን ሳታወልቅ ስንት ጊዜ አየሁህ።

አንተ ብቻ እንዳታፍር የኔን ደግሞ ልንገርህ። ቀኝ ትከሻዬ ካለፈው ክረምት ወዲህ ከማንኪያ በላይ አያነሳም። ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው፤ እስክሪብቶው ምንም አላደረገም። እንጨቱንም የፈለጠችው አባይነሽ ናት፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ» ስላት ነው የዋልሁት። ጄኔሬተሩን ይዤ ልምጣ ስልህ ማን እንደሚያዞረው አላሰብሁበትም። ወደ ሬዲዮው መድረሴን ብቻ ነው ያሰብሁት።

እንግዲህ አስበው። አንተ አትሰማም፣ እኔ አላዞርም። ያንተ ክንድ ግን ደህና ነው፣ የኔ ጆሮ ደግሞ አይጥ ስትራመድ ይሰማል። ጄኔሬተሩን ልላክልህ፤ አንተ አዙር፣ እኔ ልስማ። ሃምሳ አለቃ ለአሥር አለቃ ሲያዞር በጎንደር ሕዝብ ፊት መታየቱ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንቢ ብትለኝም አልቀየምህም፣ የፊት ወንበር ላይ መጥቼ እቀመጣለሁ።

አለበል


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአሥር አለቃ አለበል ምንዳዬ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጆሮዬ ጤነኛ ነው። የአስማረ ሥራ መኪና መንዳት እንጂ የሰው ጆሮ መመርመር አይደለም። ሃምሳ አለቃ ለአሥር አለቃ ያዞረበት ዘመን አልነበረም፣ አይኖርምም። በዚህ ጉዳይ ሌላ ደብዳቤ አልጠብቅም።

ሃምሳ አለቃ ታከለ ህሩይ
የሬዲዮ ኦፕሬተር


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2012 ዓ.ም.

ወንድሜ አለበል፣

የትናንቱን ደብዳቤ ለማስመለስ መናኸሪያ ድረስ ሮጬ ነበር፤ አስማረ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ ወጥቷል። ይቅርታ አድርግልኝ። ካላነበብከው አታንብበው።

እሱን ለአስማረ ሰጥቼው ተመልሼ ጠረጴዛዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ዘወር ብል ዝናሽ ከኋላዬ ቆማለች። ምሳ ቀርቧል ልትለኝ መጥታ ስትጠራኝ ቆይታለች። ስንት ጊዜ ጠራሽኝ አልኳት። ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ሥር ጮክ አለችና «ዛሬ ነው ወይስ ከሁለት ዓመት ወዲህ?» አለችኝ።

ለካ ታውቅ ኖሯል። ስልኩ ሲጠራ እያየች፣ «ታከለ እኮ ስልክ አይወድም» እያለች ለሰው ሁሉ ስትመልስልኝ የኖረችው እሷ ናት። አፈርኩ። ደግሞም ቀለለኝ። እኔ የፈራሁት አለመስማቴን አልነበረም፤ ማዳመጫውን ካወለቅኩ ምን እባላለሁ የሚለውን ነው። ኦፕሬተር ካልሆንኩ የሚቀረኝ ዝናሽና የጡረታ ደብተሬ ነው ብዬ ነበር፤ አንተን ረስቼህ።

ኢንቨርተሩን ለባለሱቁ መለስኩለት። ፀጉር አስተካካዩ መንገድ ላይ አግኝቶ እጄን ጨበጠኝ፣ በነጻም ላጨኝ። ውሻው ገና አልተመለሰም።

ጄኔሬተሩን ላከው። ለእስከዳር ግን ሃምሳ አለቃ የሚያዞረው ሐኪም ስፖርት ሥራ ስላለው ነው ብያታለሁ፤ ከመጣህ እንዳታጋልጠኝ።

ታከለ


አይከል፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

አያ ታከለ፣

ጄኔሬተሩ በአስማረ መኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ ወጥቷል። ኮርቻው እንዳይረገጥ አደራ ብያለሁ። አባይነሽ እስከ መንገድ ሸኝታዋለች፤ እኔን እንዲህ ሸኝታኝ አታውቅም። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን አላነበብሁትም፤ ሁለት ጊዜ ነው ያላነበብሁት።

ማዞሩ ከባድ ነው ወይ ላልኸው፣ ያን ሁሉ ዓመት ሳትጠይቀኝ ዛሬ ጠየቅኸኝ። አዎ፣ ከባድ ነው።

ቫልቮቹ እስኪሞቁ ቀስ ብለህ ጀምር። ከዚያ እኩል አዙር፤ አትሩጥ፣ አትዘግይ። ፍጥነቱ ሲወርድ ድምፁ ይሞታል። ይህንን ያስተማርኸኝ አንተ ነህ፣ «አለበል፣ ተኛህ?» እያልህ። ትንፋሽህን ከክንድህ ጋር አስማማው። ወገብህን በነጠላ እሰር። በየቀኑ ተለማመድ፤ የጡረታ ክንድ በአንድ ቀን አይፈታም።

ሌላም ልንገርህ። ከኮርቻው ላይ ሆኖ የሚታየው የኦፕሬተሩ ጀርባ ብቻ ነው። ማዳመጫውን ባትሰጠኝም እኔ ከጀርባህ ብዙ አነብ ነበር። ትከሻህ ሲወርድ ደህና ወሬ ነው፣ ሲወጣ ክፉ ነው። አንተም የኔን እያየህ ታዞራለህ። ቀኙ ትከሻ ግን የታመመው ነው፤ ግራውን ተመልከት።

ለጥር 8 ጎንደር እገባለሁ። ለአዲሱ ኮቴ ክራባት ይኑር አይኑር ዝናሽን ጠይቅልኝ።

አለበል


ጎንደር፣ ጥር 15 ቀን 2012 ዓ.ም.

ወንድሜ አለበል፣

ሳልሰናበትህ ስለቀረሁ ይቅርታ። የጥምቀቱ ሕዝብ አንተን ወደ መናኸሪያ፣ እኔን ወደ ፒያሳ ገፍቶ ለያየን።

መዳፍህ ዳነ ወይ ላልከው፣ ውኃ የቋጠረው ፈንድቷል፤ ዝናሽ ቅቤ ትቀባልኛለች። እስክሪብቶውን የያዝኩት በሁለት ጣት ነው፣ በጽሕፈቴ አትሳቅ። ውሻው ተመልሷል።

ሰዉ ብዙ አጨበጨበ ይላሉ። እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁምም፤ የማየው ጀርባህን ነበር። መጀመሪያ ግራ ትከሻህ ወጥቶ ደርቆ ቀረ። ክፉ ነገር መሰለኝና ፍጥነት ጨመርኩ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ባርኔጣህን አውልቀህ ጉልበትህ ላይ አስቀመጥክ። ከዚያ ደግሞ ጀርባህ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅና ለቅሶ ከኋላ አይለይም። እስከዳር ጆሮዬ ሥር «ይብቃዎት፣ ደከሙ» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ተይኝ፣ አለበል ገና እየሰማ ነው አልኳት። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደክሜ አላውቅም። ደስታዬን ግን አልደብቅህም።

ማኅበሩ በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እንድንሠራ ጠይቆናል። እሺ ብያለሁ፤ አንተም እሺ እንደምትል ነግሬያቸዋለሁ። ዝናሽ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወስዳኝ መስሚያ ታዘዘልኝ። የሚበላው የምስር ፍሬ የምታህል ባትሪ ነው። ሌላ ምን ዓይነት ኃይል ይቀበላል ብዬ ስጠይቅ ሐኪሙ ግራ ገባውና ዝናሽን አየ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እያዞርኩ ሳለ «አለበል፣ ምን አለ?» ብዬሃለሁ። እጅህን ወደ ኋላ አወናጨፍክብኝ። ደገምኩህ፣ ደገምከኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ አይበላልኝም። ዜና ነው? መዝሙር ነው? የምናውቀው ሰው ድምፅ ነው? ወንድሜ፣ ምን ሰማህ?

ታከለ


አይከል፣ ጥር 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

አያ ታከለ፣

ከትከሻዬና ከጆሮህ በስተቀር ሁላችን ደህና ነን። የውሻው መመለስ ደስ ብሎኛል።

በየወሩ እመጣለሁ። ጄኔሬተሩ እዚያው ካንተ ጋር ይቀመጥ፤ አባይነሽ ወንበር ገዝታልኛለች፣ አይመችም። መዳፍህ ይደድራልና አትስጋ፤ የኔም እንዲያ ነበር። ቀስ ብሎ መጀመሩን ግን አሁንም አልቻልህበትም፤ በሚመጣው ቅዳሜ አሳይሃለሁ።

የጠየቅኸኝን አስቤበታለሁ። አባይነሽም ጠይቃኛለች፤ አስማረም ከጎንደር አይከል መንገዱን ሙሉ ሲጠይቀኝ መጥቷል። ላንተማ ልነግርህ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ግን ማዳመጫው የኦፕሬተር ነው፤ ይህ የኔ ደንብ አይደለም፣ የሠራዊት ደንብ ነው።

ምስጢር ነው።

ተቀበል።

አሥር አለቃ አለበል ምንዳዬ
የሬዲዮ ኦፕሬተር